የለመድነው ነገር ከኮምፒውተሩ ሲጠፋ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሶፍትዌር በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰደበው ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። «ትናንት እዚህ ጋ የነበረው የት ገባ?» ይሉኛል። ንዴቱ ይገባኛል፣ እኔም እናደዳለሁ። ግን እስካሁን እንዳየሁት፣ ከጠፋው ነገር ይልቅ የሚያከስረን ተናደን የምንሠራው ነው።

ሳያፈላልጉ «ጠፋ» ብሎ መደምደም

አሮጌው ኮምፒውተሬ ሞቶ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ሌላ የገዛሁ ሰሞን፣ አንድ የቅኔ መምህር መጡ። ቅኔያቸውን ዘወትር እኔ ጋ ነው የሚያስጽፉት። የቆየውን ፋይል ከፍቼ አተምኩላቸው። ወረቀቱን አስጠግተው አዩት፣ ደግሞ ራቅ አድርገው አዩት።

«ይሄ የኔ ፊደል አይደለም።»

«የኔታ፣ ያው ነው እኮ። ምንም አልነካሁትም።»

«ጉባኤ ቃና ስንት ቤት ነው?»

«ሁለት።»

«ታዲያ አራት ያደረግኸው ምን ብለህ ነው?»

እውነታቸውን ነበር። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ያለው ቅኔ ነው። ፋይሉ የተጻፈው ኒያላ በሚባለው ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ኒያላን ሲያጣ ዝም ብሎ ኢብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ተካው። ኢብሪማ ሰፋ ስለሚል እያንዳንዱ ቤት ከመስመሩ ተርፎ ወደ ታች ወረደ። መልኩም ይለያል። ኒያላ በብዕር የተጻፈ ይመስል ወፈር ቀጠን ይላል፤ ኢብሪማ ወጥ ነው። ብራና ሲያነብ የኖረ ዓይን አይታለልም።

እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ «ማይክሮሶፍት ኒያላን አጠፋው» እያልኩ ለመጣ ለሄደው ሳወራ ከረምኩ። አልጠፋም ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረው ፎንት፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ የፈለገ ብቻ እንዲጭነው ተለይቶ ተቀምጧል። ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» የሚለውን ፈልጎ፣ ከዝርዝሩ «ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ» የሚለውን መጫን ነው። ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት ብቻ ይፈልጋል።

የዎርድ ሜኑ «ሙሉ በሙሉ ጠፋብኝ» የሚሉም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ እጃቸው ሳያውቁት ኮንትሮልና ኤፍ 1ን ነክቶ ነው። ደግሞ መጫን ብቻ ነው፣ ይመለሳል።

ለምን እንደወጣ ሳያውቁ አሮጌውን መመለስ

አንዳንዱ ግን የምር ይወጣል። አንድ የሒሳብ መምህር የብዙ ዓመት ፈተና በፍላሽ ይዞ መጣ። ቀመሮቹ ይታያሉ፤ ለማረም ሲጫኗቸው ግን አይከፈቱም። የተጻፉት ኢኩዌሽን ኤዲተር 3.0 በሚባለው የድሮ መሣሪያ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ከኦፊስ ላይ በአፕዴት አንሥቶታል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። 17 ዓመት ሳይታወቅ የኖረ ቀዳዳ ተገኘበት። ሌባ ተንኮል ያለበት ሰነድ ልኮ፣ እርስዎ ስለከፈቱት ብቻ የራሱን ፕሮግራም ኮምፒውተርዎ ላይ ማስነሣት ይችል ነበር።

መምህሩ የድሮውን ፋይል ከአንድ ቴሌግራም ቻናል አውርዶ ኖሯል፤ «ጫንልኝ» አለኝ። እምቢ ስለው «አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ» ብሎ ተቆጣ። ይሁን። ቀዳዳ ስላለበት የተጣለ ዕቃ፣ ያውም ማን እንደነካካው በማይታወቅ ፋይል፣ የሰው ሁሉ ሰነድ በሚከፈትበት ማሽን ላይ አልጭንም። የድሮዎቹን ቀመሮች ማትታይፕ የሚባለው ፕሮግራም ይከፍታቸዋል፤ እኔ ጋ ግን አልነበረም። ዎርድ ላይ ኦልትንና የእኩል ምልክቱን አብሮ ሲጫኑ አዲሱ የቀመር መጻፊያ ይመጣል። እሱ እየነገረኝ እኔ እየጻፍኩ እስከ ምሽት አብረን ቆየን። ቡናውን እሱ ከፈለ።

ተናዶ አፕዴት ጨርሶ መዝጋት

«አፕዴት ነው ያበላሸው፣ ዝጋልኝ» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። ዳታም ስለሚበላ አልፈርድበትም። ግን የሚወደውን የነጠቀው አፕዴትና ሌባ የሚከለክለው አፕዴት የሚመጡት በአንድ በር ነው። መመረቂያ ጽሑፍ የሚያልቅበት ሰሞን ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ ማቆም ይበቃል፤ ዊንዶውስ እስከ 5 ሳምንት ይፈቅዳል። ሥራው ሲያልቅ ይልቀቁት።

ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻግረው ካልወደዱት ደግሞ ወደነበሩበት መመለሻው 10 ቀን ነው። በነዚያ ቀናት ቦታ አጣብቦኛል ብለው «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር እንዳያጠፉ። መመለሻ መንገድዎ እሱ ነው።

ቅሬታን በስድብ መጨረስ

«ማን ይሰማናል?» የሚሉ አሉ። ይሰማል፣ ይዘገያል እንጂ። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሮግራም የምንከፍትበትን የስታርት በተን አውጥቶ ሲመጣ ዓለም ጮኸ። በ2013 በተኑ፣ በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ሜኑው ተመለሰ። በ2017 የሥዕል መሣሪያው ፔይንት ሊቀር ነው ሲባል ጩኸቱ አተረፈው። ሁሉም አይመለስም፤ ቀላሉ የጽሑፍ መጻፊያ ዎርድፓድ በ2024 ከዊንዶውስ 11 ወጥቶ በዚያው ቀረ።

የኔው ቁጭት ታስክባሩ፣ ማለትም ስክሪኑ ታች ያለው የተከፈተውን የሚያሳየው መስመር ላይ ነበር። በ2021 የመጣው ዊንዶውስ 11 የተከፈቱ ፋይሎችን ስም መጻፍ ትቶ ሁሉንም በአንድ ምልክት ሥር ከመራቸው። እኔ የ6 ደንበኛ ፋይል በአንድ ጊዜ እከፍታለሁ። ስሙ ካልታየኝ የማን የማን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን የአንዲት እናትን የፍቺ ማመልከቻ ለዕድር ሊቀመንበር አተምኩ። ወረቀቱን ከእጁ የቀማሁበት ፍጥነት እስካሁን ይገርመኛል።

የዊንዶውስን ቁልፍና ኤፍን አብሮ ሲጫኑ አስተያየት መጻፊያው ይከፈታል። «ደደቦች፣ መልሱልን» ብዬ ጀምሬ አጠፋሁት። ከዚያ ምን እንደምሠራ፣ ምን እንደከለከለኝ፣ ምን ሊደርስ እንደነበር ጻፍኩ። ብዙ ሺህ ሰው እንደኔው ጽፎ ይሆናል፤ በ2023 ስሞቹ ተመለሱ። በኔ ጽሑፍ ነው አልልም። ለሚስቴ ግን እንደዚያ ብዬ ነግሬያታለሁ።

«ይለመዳል» ማለት

ይሄኛው የኛ የባለሙያ ነን ባዮች ስህተት ነው። ሰው ሥራው ሲስተጓጎል «ይለመዳል» ብለን እንሸኘዋለን። አንዳንዱ ይለመዳል። የኔታን ግን ያን ቀን እንዲሁ ብያቸው «የለመድኩትን ሳልጨርስ ምኑን ልልመድ?» አሉና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ወጡ።

ኒያላን እንደጫንኩ በተማሪያቸው ላክሁባቸው። መጡ። አሁንም ይመጣሉ። ወረቀቱን ግን ቆመው መስመሩን በጣታቸው ሳይቆጥሩ አይከፍሉኝም።