የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ፍሬት ላይ ጥዝዝ ሲል መንስኤውን ማግኘትና ማስተካከል

በገና ደርዳሪ አሥሩን ክሮች ሲቃኝ በብርኩማው ላይ ያሉትን ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ከፍ ዝቅ እያደረገ ያንን የታወቀ ጥዝዝታ ይፈልጋል። ልፋቱ ሁሉ ክሩ ሲርገበገብ አንድ ነገር በስሱ እንዲነካው ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች ደግሞ የሚሸሸው ይህንኑ ንክኪ ነው፤ ክሩ ሲርገበገብ ያልተጫኑትን ፍሬት፣ ማለትም በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱን፣ ይገጫል፣ ድምፁም ይበላሻል። በሁለቱም መሣሪያዎች ልዩነቱ የፀጉር ስፋት ያህል ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት የሚገጨው የት እንደሆነ ይወቁ።

አንድ ታኅሣሥ ላይ አንድ ወጣት ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው ክፍሌ ጊታሩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አንገቱ ተበላሽቷል፣ መቀየር አለበት ብለውኛል» አለ። መድኃኒቱ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ሩብ ዙር ማላላት ነበር።

ሥራውን ከክሮቹ ይጀምሩ። የዛጉትን ይቀይሩና ዘወትር በሚጫወቱበት ቅኝት ይቃኙ። ቅኝቱ ሲወርድ ክሩ ይላላል፤ የላላ ክር ሲርገበገብ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከ10 ቁጥር ወደ 9 ቁጥር ክር የቀየሩም ቢሆኑ ይህ ይገጥማቸዋል፤ ቀጭኑ ክር አንገቱን የሚስብበት ኃይል ስለሚያንስ እንጨቱ ወደ ኋላ ይለጠጣል።

ቀጥሎ አምፕሊፋየር ላይ ሰክተው ያዳምጡ። ጥዝዝታው በጆሮ ተሰምቶ ከድምፅ ማጉያው የማይወጣ ከሆነ እኔ ብሆን አልነካውም፤ ዝቅ ያለ ክር የሚወድ ሰው ይህን መታገሥ አለበት። ክር ሳይነካ የሚያጉመጉም ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእሱ ምንጭ ብዙ ጊዜ የመሬት ሽቦ የሌለው ሶኬት ወይም የጊታሩ የውስጥ ሽቦ ነው እንጂ ፍሬት አይደለም።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። ጊታሩን እንደሚጫወቱ ሆነው ጭንዎ ላይ ያድርጉ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያጋድሙት የአንገቱ ክብደት ልኬቱን ያሳስታል። እያንዳንዱን ክር ከባዶው (ምንም ፍሬት ሳይጫኑ) እስከ መጨረሻው ፍሬት ድረስ እኩል ኃይል እየመቱ ችግር ያለበትን ቦታ ይጻፉ። ወረቀቱ ራሱ ይነግርዎታል። ባዶው ክር ብቻ ከጮኸ፣ ተጠርጣሪው ክሮቹ ከራሱ በኩል የሚያርፉበት ነት ነው። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ድረስ ከሆነ አንገቱ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል። ከ12ኛው በላይ ከሆነ በብሪጁ ላይ ያሉት ሳድሎች (ክሮቹ ከገላው በኩል የሚያርፉባቸው፣ ከፍ ዝቅ የሚደረጉ ትንንሽ ክፍሎች) ዝቅ ብለዋል፣ አለዚያም አንገቱ ወደ ፊት በዝቶ ጎብጧል። በሁሉም ቦታ ከሆነ መጀመሪያ ሳድሎቹን ያስቡ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የአንድ ፍሬት ነው።

አንገቱ ፍጹም ቀጥ ማለት ያለበት ይመስላል፤ አይደለም። ክር ሲርገበገብ መሃሉ ላይ ሰፊ ስለሆነ አንገቱም መሃሉ ላይ በጥቂቱ መሰርጎድ አለበት። ለመለካት ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከገላው የሚጋጠምበት ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ይጫኑ፤ ክሩ እንደ ማስመሪያ ይሆናል። በ7ኛው ፍሬትና በክሩ መካከል ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። መለኪያ ከሌለዎት ተራው ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ቅጠል በነፃነት ሲገባ ሦስተኛው ክሩን ማንሳት ከጀመረ ልክ ነዎት።

ክፍተቱ ከጠፋ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ትራስ ሮድ የተባለ ብረት በጥቂቱ ያላሉ። ከቁልፉ መግቢያ በኩል ሆነው ሲያዩ ወደ ግራ ማዞር ያላላል፣ ስርጉዱንም ይጨምራል፤ ወደ ቀኝ ማዞር ያጠብቃል፣ አንገቱንም ያቃናል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ። እንደገና ይቃኙ፣ ይለኩ፣ ካስፈለገ ለነገ ያሳድሩት። እምቢ ካለ አያስገድዱት። ቁልፉም በልኩ ይሁን፤ የአሜሪካ ሥሪት ጊታሮች ብዙዎቹ የኢንች ቁልፍ ይፈልጋሉ፣ የእስያዎቹ በአብዛኛው የሚሊ ሜትር። «ይገባል» ተብሎ በተገፋ ቁልፍ የእኔ ጊታር የትራስ ሮዱ ጥርስ ተልጧል፤ እስካሁን ያናድደኛል።

የዚያ ወጣት ጊታር ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት የተስተካከለው ሐምሌ ላይ ነበር። በክረምቱ እርጥበት እንጨቱ ያብጣል፣ አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፤ ያኔ ትራስ ሮዱን ያጠበቀ ሰው በበጋው ድርቀት አንገቱ ሲለጠጥ ጥዝዝታ ይጠብቀዋል።

አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ወደ ሳድሎቹ ይሂዱ። ከ12ኛው ፍሬት አናት እስከ ክሩ ታች ድረስ ለወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር፣ ለቀጭኑ 1.6 ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። እጅዎ ከባድ ከሆነ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።

ነቱን ለመመርመር ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው 1ኛው ፍሬት ላይ ይመልከቱ፤ በጭንቅ የሚታይ ክፍተት መኖር አለበት። ክሩ ፍሬቱ ላይ ከተኛ ክሩ የሚያርፍበት የነቱ ቦይ በዝቶ ተቆፍሯል ማለት ነው። በሱፐር ግሉና በሶዳ ሞልቶ እንደገና መሞረድ ይቻላል፣ አዲስ ነት ግን ይበልጣል።

ለአንዷ ጥፋተኛ ፍሬት ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይበቃል። ጠርዙን ሦስት ፍሬቶች ላይ ብቻ እንዲያርፍ አድርገው ያቁሙት፤ ከነቱ አጠገብ ረጅሙ ጎን፣ ወደ መሃል አጭሩ ጎን ይስማማል፣ ከ12ኛው በላይ ደግሞ ካርዱን ቆርጠው ያሳጥሩት። የሚወዛወዝ ከሆነ መካከለኛዋ ፍሬት ከፍ ብላለች። 6ኛው ላይ ሲጫኑ የሚጮህ ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚገጨው 7ኛውን ነውና ከዚያ ይጀምሩ። የተነሳችውን ፍሬት በእንጨት ቁራጭ ላይ በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገው ይምቷት። ተመልሳ ከተነሳች ወይም በርካታ ፍሬቶች ከተበሉ ሞረዱን ለባለሙያ ይተዉ፤ የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልም።

በመጨረሻ እንደገና ቃኝተው በ12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ድምፅ ከባዶው ክር ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ የሳድል ከፍታ ሲለወጥ ይህም ይዛባል። ልኬቶቹንና ቀኑን በዚያው ወረቀት ላይ ጽፈው በጊታሩ ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሐምሌ ላይ ይፈልጉታል።