ኤሊያችን ሙዝ ካልሆነ አልበላም ስትል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

እኛ ግቢ ያለችው ኤሊ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አባቴ ቤቱን ሲገዛ ከቡናውና ከአቮካዶው ዛፍ ጋር አብሮ የተረከባት ናት፤ የጎረቤት ልጆች ቢፍቱ ይሏታል። የጀርባ ቅርፊታቸው እንደ ነብር ቆዳ ከተዥጎረጎረው፣ ከምሥራቅ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሣር ምድር ከሚኖሩት የየብስ ኤሊዎች ወገን ናት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሣር መብላት አቆመች። የበሰለ ሙዝ ሲቀርብላት ግን አንገቷን አስግጋ ትመጣለች። አመል ነው አልንና ሙዙን ጨመርንላት። መስከረም ሲጠባ ሆዷ ተበላሽቶ፣ ዓይኖቿ ጎድጉደው፣ ስናነሳት እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀልላ አገኘናት።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ዋና ነገር አንድ ነው፤ ኤሊ ምግብ ስትመርጥ ከሳህኗ በፊት የምትውልበትንና የምታድርበትን ቦታ መርምሩ። በጅማ ደግሞ በተለይ። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምልክቶች ከላይ ጀምራችሁ በቅደም ተከተል አጣሩ እንጂ ወደ ምግቡ ክፍል አትዝለሉ። ይህን የምጽፈው ቀድሞ በግቢያቸው ላለች ኤሊ ለሚጨነቁ ነው። በመንገድ ያገኛችኋትን የዱር ኤሊ ግን እዚያው ተዉአት፤ ቤቷ እዚያ ነው።

ምልክት፦ ሣሩን አሽትታ ትተወዋለች፣ ጣፋጭ ብቻ ትቀምሳለች፣ እስከ ቀትር አትንቀሳቀስም

ምክንያቱ በአብዛኛው ብርድ ነው። ኤሊ እንደ ላም ወይም እንደ ውሻ ሙቀቷን ከውስጧ አታመነጭም፤ ከፀሐይና ከመሬት ትቀበላለች። ሣር ደግሞ በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ አይደለም። የሚብላላው በትልቁ አንጀቷ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው፤ እነርሱ የሚሠሩት ደግሞ ሆዷ ሲሞቅ ነው። ሆዷ የቀዘቀዘ ኤሊ ሣር ብትበላም ምግቡ አንጀቷ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ ሣሩን ትተዋለች፤ ለስላሳውንና ስኳር ያለውን ሙዝ ግን በዚያም ሁኔታ ትውጠዋለች። እኛ አመል ያልነው ይህንን ነበር።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይጠግባት ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ለቀናት ላትታይ ትችላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ብራ ቢሆንም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ለሰው ይህ ደስ የሚል አየር ነው። ለሞቃት ደረቅ ሜዳ ለተፈጠረች ኤሊ ግን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ማደር ማለት ቀስ በቀስ መታመም ማለት ነው።

መፍትሄው በቴርሞሜትር ይጀምራል። በእጃችሁ ዳስሳችሁ አትፍረዱ። በቀን ውስጥ የምትሞቅበት አንድ ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ከዚያ ሸሽታ የምትቀዘቅዝበት ጥላም ያስፈልጋታል። እኛ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋዮች ደረደርን። ድንጋዩ በአራት ሰዓት ሲሞቅ ቢፍቱ እግሮቿን ዘርግታ ትለጠፍበታለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷ ተነስታ ሣር ፍለጋ ትሄዳለች። ለሌሊቱ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ሳጥን ሠርተን ደረቅ ድርቆሽ ጎዘጎዝንበት።

በክረምት ከሳጥኑ በላይ አምፖል ማንጠልጠል ይቻላል። ነገር ግን ባለ ክሩ አምፖል ይሁን፤ ቆጣቢው አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ድርቆሹን እንዳይነካ በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት። መብራት ሲጠፋ ለብ ያለ ውሃ የሞላ ጄሪካን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡላት። የከሰል ምድጃ ግን በፍጹም አታስጠጉ፤ የከሰሉ ጭስ በተዘጋ ቦታ ይገድላል።

ይህን አስተካክላችሁ አሥር ቀን ጠብቁ። ብዙዎቹ መራጭ የተባሉ ኤሊዎች እዚህ ላይ ሣር መብላት ይጀምራሉ።

ምልክት፦ የጀርባ ቅርፊቷ ሲጫኑት ይለሰልሳል ወይም አላግባብ ይጎብጣል፣ ስትራመድ ሆዷ መሬት ይጎትታል

ምክንያቱ የካልሲየም እጥረት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ እጦት ጋር ተያይዞ ይመጣል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ቆዳዋን ሲነካ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለዚህ ቫይታሚን የበላችው ካልሲየም ወደ አጥንት አይገባም። መስታወት ይህን ጨረር ይይዛል። ስለዚህ በመስኮት በኩል በሚገባ ፀሐይ ስትሞቅ የምትውል ኤሊ ሙቀቱን ታገኛለች እንጂ ጥቅሙን አታገኝም።

በምግብ በኩል ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ በእጥፍ መብለጥ አለበት። ሙዝ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በየቀኑ ሙዝ የምትበላ ኤሊ ጠግባ እያደረች አጥንቷ ይሳሳል።

የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ በፀሐይ አድርቁ፤ ውስጡን ሽፋን ልጣችሁ በሙቀጫ ውቀጡና በወንፊት ንፉት። ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋችሁ ለአዋቂ ኤሊ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለጫጩት በየሁለት ቀኑ ምግቧ ላይ ነስንሱ። ቅርፊቷ በእርግጥ ለስላሳ ከሆነ ግን ዱቄቱ ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም ይያት።

ምልክት፦ ሞቃለች፣ ፀሐይ አግኝታለች፣ አሁንም ሙዝ ትጠብቃለች

አሁን በእርግጥ የአመል ጉዳይ ነው። ይህ አመል የእኛ ሥራ ነው፤ እሷ የለመደችውን ነው የምትጠብቀው። ስለዚህ በቁጣም በረሀብም አይፈታም። «ርቧት ትብላው» የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ሰጥቶኛል። አዋቂና ጤነኛ ኤሊ ለጥቂት ቀናት ሳትበላ መቆየቷ እውነት ነው፤ ቀድማ ለተጎዳች ኤሊ ወይም ለጫጩት ግን አደገኛ ምክር ነው።

እኔን የረዳኝ ማታለል ሳይሆን ማላመድ ነው። ሰርዶ በመቀስ በጣት አንጓ ልክ ቆረጥኩ። አንዲት ቁራጭ ሙዝ በእጄ ፈጭቼ ሣሩን አሸሁበት፤ ሽታው ይይዘዋል፣ ፍሬው ግን ተለቅሞ አይወጣም። በየሦስት ቀኑ ሙዙን ቀነስኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢፍቱ አፏን ሞልታ ይዛ ግማሹን ትተፋ ነበር፤ የተቀረው ግማሽ ለእኔ ብዙ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ቀለም ነው። የየብስ ኤሊዎች ቀይና ቢጫ ነገር ይስባቸዋል። አንድ ቀን ጠዋት የአጥሩን ቀይ የሂቢስከስ አበባ ቀጥፌ ሣሩ ክምር ላይ አስቀመጥኩ። ከድንጋዩ ላይ ሆና ራሷን ቀና አደረገች። አንገቷ ቀስ ብሎ ረዘመ፤ አንድ እግር፣ ቆይታ ሌላ እግር። ክምሩ ዘንድ ስትደርስ በአፍንጫዋ ነካችው፣ አፏን በሰፊው ከፈተች፣ ሮዝ ምላሷ ወጣ፤ አበባውን ስትነክስ ከሥሩ የነበረውን ሰርዶ አብራ ጎረሰች። ማኘክ ሳይሆን መንጨት ነው የምታደርገው፤ የፊት እግሯን ሣሩ ላይ አቁማ ራሷን ወደ ኋላ ትስባለች፣ ሣሩም ጠሽ እያለ ይበጠሳል። ያን ድምፅ ከሁለት ወር በላይ አልሰማሁትም ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያለ ሙዝ መብላት ጀመረች።

ምልክት፦ ትበላለች፣ ግን ሆዷ ይላላል ወይም አታድግም

ሳህኑን መመርመር ያለባችሁ አሁን ነው። ለዚህ ዓይነት ኤሊ ከምግቧ ከአሥር ስምንቱ እጅ ሣር ይሁን፤ ሰርዶ ከሁሉ ይመቻል፣ በበጋ ደግሞ ድርቆሽ። በተቀረው የስኳር ድንች ቅጠል፣ የዱባ ቅጠል፣ መድኃኒት ያልተረጨበት የጽጌረዳና የሂቢስከስ አበባ አፈራርቁላት። እሾኹ የተላገ የበለስ ቅጠልም ካልሲየም የሞላው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በእኛ ቋንቋ ቁልቋል የሚባለው ሁለት ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው፣ ለአጥር የሚተከለው ቁልቋል ወተቱ ዓይንና አፍ ያቃጥላል። በለስ ወተት የለውም። ሳትለዩ አትቁረጡ።

ጎመን ጥሩ ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን በየቀኑ ጎመን ብቻ የእንቅርትን ዕጢ ያውካል። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ስጡ። ሰላጣ በአብዛኛው ውሃ ነው። በጅማ ግቢ ሁሉ የሚበቅለው የጎደሬ ቅጠል ጥሬውን እንደ መርፌ የሚወጋ ቅንጣት ስላለው አፏን ያቆስላል። አቮካዶ ፐርሲን የተባለ ለብዙ እንስሳት መርዝ የሆነ ነገር አለው፤ የረገፈውን ፍሬና ቅጠል በየጠዋቱ መልቀም ልማዳችን ሆኗል። የተሰጣ ቡና፣ የጫት ገረባ፣ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ የውሻ ምግብ፣ እነዚህ ሁሉ አይገቡም። ፍቅራችንን የምንገልጸው በማጉረስ ስለሆነ ለእንግዳ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቢሆንም አስረዱ። በተለይ ሥጋና ጥራጥሬ ኩላሊቷን ይጎዳል።

ፓፓያ፣ ማንጎና ሙዝ ጨርሶ ባይሰጡ ይሻላል፤ ስኳሩ አንጀቷ ውስጥ ይቦካል፣ ሆዷም የሚላላው በዚህ ነው።

ምልክት፦ ወደ ምግቡ ትመጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ መንከስ ግን ያቅታታል

ይህ መምረጥ ሳይሆን ሕመም ነው። የአፏ ጫፍ ከመጠን በላይ አድጎ እንደ ጭልፊት ምንቃር ታጥፎ ይሆናል፤ ለስላሳ ምግብ ብቻ ስትበላ የኖረች ኤሊ ይህ ይደርስባታል። በቤት መቀስ አትንኩት፣ ሐኪም ይሞርደዋል። አፏ ውስጥ ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ካያችሁ ቁስል ነው። አፍንጫዋ አረፋ ካወጣ ወይም ስትተነፍስ ካፏጨች የመተንፈሻ አካሏ ታሞ ይሆናል። ሰገራዋ ውስጥ ትል ከታየ ወይም ብዙ እየበላች ከከሳች ሰገራዋን በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ አስመርምሩ። ጅማ የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ስለሆነች የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ እንደ ሌላው ቦታ አያደክምም። የሰው መድኃኒት በግምት መስጠት ግን ከሕመሙ የከፋ ነው።

ሴት ኤሊ መሬት እየጫረችና እየቆፈረች ምግብ ከቀነሰች እንቁላል ልትጥል ይሆናል፤ ለስለስ ያለ አፈር ያለበት ፀሐያማ ጥግ ስጧትና ተዉአት። ነገር ግን ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ከደከመች እሷም ለሐኪም ናት።

ምልክት፦ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ምራቋ ወፍሮ ይጣበቃል

ውሃ ጠምቷታል። አገጯን የማያልፍ ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ላይ አድርጋችሁ ለ20 ደቂቃ አስቀምጧት። ብዙ ጊዜ እዚያው ትጠጣለች፣ እዚያው ትጸዳዳለች፣ ከዚያ ወጥታ ትበላለች። አድርቃችሁ ወደ ሙቀቱ መልሷት።

መሻሻሏን በዓይን ሳይሆን በሚዛን ተከታተሉ። እኛ እሑድ እሑድ ከመብላቷ በፊት በበርበሬ ሚዛን መዝነን ኩሽናው በር ላይ በተሰቀለው ወረቀት እንጽፋለን። ሞቃ፣ ፀሐይ እያገኘች፣ አዋቂ ኤሊ ሁለት ሳምንት ምንም ካልበላች ወይም ሚዛኗ ሦስት እሑድ በተከታታይ ከወረደ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ጫጩት ከሆነች ሦስት ቀንም አትጠብቁ።