ወረርሽኝ ሲመጣ የጉብኝት ድርጅትንና ሠራተኞቹን ማቆየት፦ ለባለቤቶችና ለሥራ መሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የአስጎብኝ ድርጅቶች የ2012 ዓ.ም. የበጋ ሥራቸውን ገና አላጠናቀቁም ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፤ በሳምንት ውስጥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ፤ ከመጋቢት 14 ጀምሮም ወደ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተወሰነ። ስካይላይትና ግዮንን የመሳሰሉ ሆቴሎች እንግዳ መቀበያ መሆናቸው ቀርቶ የለይቶ ማቆያ ሥፍራ ሆኑ። እንዲህ ባለው ጊዜ አንድን ድርጅት የሚጥለው የእንግዳ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ከእንግዳው አስቀድሞ የተቀበለው ገንዘብ ወጥቶ ማለቁና ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች መበተናቸው ይበልጥ ይጎዳዋል። ይህ መመሪያ በዋናነት የሚያተኩረው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ሲሆን፣ የተጻፈውም ለአነስተኛና መካከለኛ አስጎብኝዎች፣ ለሎጅና ለመዝናኛ ሥፍራ ባለቤቶች ነው።

ምልክቱን በጊዜ ማየት

የጉብኝት ሥራ ከሌሎች ሥራዎች ቀድሞ የሚዘጋ በመሆኑ የሌላ አገር መዝናኛ ሥፍራ መዘጋት ጥሩ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። የሻንጋይ ዲዝኒላንድ የተዘጋው እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2020 ነበር፤ የቶኪዮው የካቲት 29፣ የካሊፎርኒያው መጋቢት 14፣ የፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ መጋቢት 16 በራቸውን ዘጉ። ከሻንጋይ እስከ ፍሎሪዳ ሰባት ሳምንት አለፈ ማለት ነው። በዚያው መካከል፣ ጥር 30፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ አሳሳቢ የጤና አደጋ መከሰቱን አውጆ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ያለው አስጎብኝ እነዚህን ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ቢያያቸው ኖሮ ለመዘጋጀት ከአንድ ወር ያላነሰ ጊዜ ያገኝ ነበር።

በእርግጥ እንዲህ ያለ አዋጅ በወጣ ቁጥር ሥራ ይቆማል ማለት አይደለም። ለዝንጀሮ ፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 ተመሳሳይ አዋጅ ቢወጣም በረራዎች አልተቋረጡም። ስለዚህ በመጀመሪያው ምልክት መወሰድ ያለበት እርምጃ፣ ስጋቱ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ብዙ የማያስከፍል መሆን አለበት። ለሆቴልና ለአገር ውስጥ በረራ የማይመለስ ክፍያ መክፈልዎን ለጊዜው ያቁሙ፤ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የሚመጡትን እንግዶች ስም፣ የከፈሉትን ገንዘብና ከዚያ ላይ ለማን ምን ያህል እንደተላለፈ በአንድ ዝርዝር ያስፍሩ። አደጋው የግድ ዓለም አቀፍ ላይሆን ይችላል፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ በተገኘ ጊዜ ከተማዋ የኦሞ ሸለቆ ጉብኝት መግቢያ በር በመሆኗ፣ ለአንድ አካባቢ ብቻ የሚሠራ አማራጭ የጉዞ መስመር አስቀድሞ ማዘጋጀት ምን ያህል እንደሚጠቅም ታይቷል።

ቀብድ ዕዳ ነው

በአገራችን የተለመደው አሠራር ለጥር ጥምቀት ከሚመጣው ቡድን በጥቅምት የተቀበሉትን ቀብድ ለመስቀል መጥቶ የሄደውን ቡድን ወጪ ለመሸፈን መጠቀም ነው። እንግዳው ሳይቋረጥ እስከመጣ ድረስ ይህ አሠራር ያለችግር ይሄዳል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ሲሰርዝ ግን ድርጅቱ ያልያዘውን ገንዘብ እንዲመልስ ይጠየቃል። መፍትሔው ቀላል ቢመስልም ዲሲፕሊን የሚጠይቅ ነው፦ ቅድሚያ ክፍያ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ከዚያም ላይ የሚወጣው ለዚያው እንግዳ አገልግሎት ሲባል ብቻ ይሁን፤ የድርጅቱ ድርሻ ወደ ሥራ ማስኬጃው ሒሳብ የሚዛወረውም ጉዞው ከተጠናቀቀ በኋላ ይሁን። ይህን ሙሉ በሙሉ ማድረግ የማይችል ድርጅት ቢያንስ ከተቀበለው ቀብድ ግማሹን ሳይነካ ለማቆየት ይሞክር።

የውጭ ምንዛሬው ጉዳይ ነገሩን ያከብደዋል። እንግዳው በዶላር ወይም በዩሮ ከፍሎ ገንዘቡ ወደ ብር ከተቀየረ በኋላ መልሶ ወደ ውጭ መላክ የባንክ ሒደትና ማስረጃ ይጠይቃል፤ በመካከሉም የምንዛሬው ዋጋ ሊቀየር ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ያስታውሷል። ቀብዱን በብር ይዞ በዶላር እንዲመልስ የሚገደድ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ መመሪያ በሚፈቅደው መጠን ቀብዱ በውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ይቆይ፤ ተመላሽ ክፍያ በምን ገንዘብና በየትኛው ቀን ምንዛሬ እንደሚታሰብም በውሉ ይጻፍ። የባንክ መላኪያ ደረሰኞችንና ከእንግዳው ጋር የተደረጉ የጽሑፍ ልውውጦችን በሙሉ ያስቀምጡ፤ ባንኩ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

ቡድን የሚልኩልዎ የአውሮፓ ወኪሎች ከሆኑ የእነርሱንም ግዴታ ይወቁ። የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ ጉዞው ሊወገድ በማይችልና ባልተለመደ ሁኔታ ምክንያት ሲሰረዝ አደራጁ የተጓዡን ሙሉ ገንዘብ በ14 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ወኪሉ አጣድፎ የሚደውልልዎ በክፋት ሳይሆን ይህ ቀነ ገደብ ስላለበት ነው። ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍን በሚያጓጓ ሁኔታ ያቅርቡለት፤ ለምሳሌ በ18 ወር ውስጥ በማንኛውም ቀን፣ ያለ ዋጋ ጭማሪ። ማስተላለፍ የማይፈልገውን ግን አያስገድዱት፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የማይገኝ ከሆነ በከፊል እየተከፈለ የሚጠናቀቅበትን የጊዜ ሰሌዳ ጽፈው ይላኩለት፤ ሰሌዳውንም ያክብሩ። ስልክ ሳያነሱ መቆየት ከገንዘቡ በላይ ያስከፍላል።

ስለ ውሉ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ብዙዎች «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው ሐረግ ብቻ የሚያድናቸው ይመስላቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ግን ድርጊቱ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችልና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው እንዲሆን ይጠይቃል፤ አፈጻጸሙን ከባድ ወይም ውድ ማድረጉ ብቻ አይበቃም። ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ወረርሽኝ ሊታሰብ አይችልም ነበር ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ወረርሽኝን፣ የበረራ መቋረጥን፣ የድንበር መዘጋትንና አስገዳጅ ለይቶ ማቆያን በስም ጠቅሰው፣ እያንዳንዳቸው ሲከሰቱ ከቀብዱ ምን ያህሉ እንደሚመለስና ምን ያህሉ እንደሚተላለፍ በቁጥር ይጻፉ። ከሆቴሎችና ከመኪና አከራዮች ጋር ያለዎትም ውል ተመሳሳይ አንቀጽ ይኑረው፤ አለበለዚያ እርስዎ ለእንግዳው መልሰው ሆቴሉ ለእርስዎ ሳይመልስ ይቀራል።

ሠራተኛው

በቋሚነት ለተቀጠሩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንገድ አስቀምጧል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ከ10 ላላነሱ ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ ከሥራ ውሉ የሚመነጩትን መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው ማገድ ይቻላል። አሠሪው ይህን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ እገዳውም ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ይህን መንገድ ትቶ ሠራተኛውን «እስክንጠራህ ቤትህ ቆይ» ብሎ በቃል መሸኘት፣ ነገ ሕገ ወጥ ስንብት ተብሎ ክስ ሊያስከትል ይችላል። ወረርሽኙ ሲበረታ ሕጉ ሊጠብቅም ይችላል፤ በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ሠራተኛ መቀነስን ገድቦ ነበር። በሌላ በኩል መንግሥት ሥራቸው ቆሞ ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች የአራት ወር የሥራ ግብር ምሕረት አድርጓል። እንዲህ ያለው ድጋፍ የሚደርሰው የደመወዝ መዝገቡ፣ የጡረታ መዋጮውና የግብር ማስረጃው ለተሟላለት ስለሆነ፣ ሰነድዎን በሰላሙ ጊዜ ያስተካክሉ።

የአሜሪካ መዝናኛ ፓርኮች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ እጅግ ብዙ ሠራተኞቹን ያለደመወዝ ፈቃድ ሲያስወጣ የጤና መድን ሽፋናቸውን አላቋረጠም፤ በመስከረም መጨረሻ ግን 28,000 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሙሉ ሰዓት ሳይሆን በከፊል ሰዓት የሚሠሩ ነበሩ። እዚያ የተሰናበተ ሰው አነስተኛም ቢሆን የሥራ አጥ ድጎማ ይጠይቃል፤ በፍሎሪዳ የክልሉ ድጎማ ጣሪያ በሳምንት 275 ዶላር ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ድጎማ የለም። የተሰናበተው ሹፌር በቀጥታ ወደ ዘመድ እጅ ያያል።

ከሁሉ የሚከፋው በቀን የሚከፈላቸው ሰዎች ሁኔታ ነው። የላሊበላ አስጎብኝ፣ የሰሜን ተራሮች ስካውት (እንግዳውን የሚያጅበው የፓርክ ጠባቂ)፣ ባለበቅሎው፣ አብሳዩ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ የሚጠብቀው፣ ሁሉም ገቢያቸው የቀን ክፍያና ጉርሻ በመሆኑ የአዋጁ ጥበቃ እምብዛም አይደርሳቸውም። በላሊበላ ላይ ደግሞ ከወረርሽኙ በኋላ ጦርነት ተጨምሮበት እንግዳ ሳያዩ የቆዩበት ጊዜ ረጅም ሆነ። በእኔ አመለካከት አስጎብኝ ድርጅቶች ከሠሯቸው ጉድለቶች ትልቁ፣ እነዚህን ሰዎች የሌላ ሰው ኃላፊነት አድርገው መቁጠራቸው ነው፤ እንግዳው በትዝታው ይዞ የሚሄደው እነርሱን እንጂ የቢሮውን ኃላፊ አይደለም።

ሊሠራ የሚችለው ዘዴ ከዕድር ብዙም የራቀ አይደለም። በእንግዳ በበዛበት ወቅት ከእያንዳንዱ የጉብኝት ቀን ላይ ድርጅቱ አንድ የተወሰነ ገንዘብ፣ አስጎብኙና ሹፌሩም አነስ ያለ መዋጮ ለመጠባበቂያ ያስገቡ። ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ሳይሆን በሠራተኞቹ ማኅበር ስም ይከፈት፤ ገንዘቡም ቢያንስ በሁለት የሠራተኛ ተወካዮች ፊርማ ይውጣ። ገንዘቡ መቼ መከፋፈል እንደሚጀምር (ለምሳሌ በረራ ለ30 ቀን ሲቋረጥ)፣ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥና በወር ምን ያህል እንደሚከፈል አስቀድሞ ይወሰን፤ በችግር መሐል የሚደረግ ድርድር ሰው ያጣላል። ዓላማው የሦስት ወር የአስቤዛና የቤት ኪራይ ወጪን መሸፈን ቢሆን በቂ ነው፤ ዓመት የሚያሻግር ገንዘብ በዚህ መንገድ እናጠራቅማለን ብሎ ቃል መግባት ተገቢ አይሆንም።

ከመጠባበቂያው ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ይፈለግ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን መቀመጫ አውጥቶ የሕክምና ቁሳቁስና ሌላ ጭነት በማጓጓዝ ቋሚ ሠራተኞቹን ሳይበትን አልፎታል። ትንሹም ድርጅት በአቅሙ የሚያደርገው አለ፦ ላንድክሩዘሩና አገሩን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሹፌር ለመስክ ሥራ ለሚወጡ የጤናና የእርዳታ ድርጅቶች በኪራይ ይሰጣሉ፤ የሎጁ ወጥ ቤት ለአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ምግብ ያቀርባል። ቋንቋ የሚያውቅ አስጎብኝ የትርጉም ሥራ ሊያገኝ ይችላል።

ተዘግቶ እያለ

የቆመ መኪና ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይበላሻል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ተነሥቶ መንቀሳቀስ አለበት። የመዝናኛ ሥፍራ መጫወቻዎችና የውኃ ገንዳ ፓምፖችም በየጊዜው ካልተፈተኑ በመክፈቻው ቀን አደጋ ያደርሳሉ፤ ስለዚህ የጥገና ሠራተኛ የመጨረሻው ተቀናሽ ይሁን። በቅሎ ደግሞ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ትበላለች።

ሲከፈት

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2020 ሲከፈት የሚገባውን ሰው ቁጥር ገድቦ፣ ቀን አስቀድሞ በማስያዝና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛን በማስገደድ ነበር፤ የካሊፎርኒያው ግን እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2021 ተዘግቶ ቆይቷል። ሁለቱ የአንድ ኩባንያ ፓርኮች በመሆናቸው የመክፈቻውን ቀን የሚወስነው የባለቤቱ ዝግጁነት ሳይሆን የአካባቢው መንግሥት ውሳኔ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ የሦስት፣ የስድስትና የ14 ወር መዘጋትን ታሳቢ ያደረጉ ሦስት የወጪ ዕቅዶችን ለየብቻ ያዘጋጁ።

የመጀመሪያው እንግዳ የአገር ውስጥ ሰው ይሆናል፤ ቀጥሎ ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይመጣል። ለእነርሱ የሚሆን ዋጋና ጉዞ ቀድሞ ይዘጋጅ፦ የቅዳሜና እሑድ የቢሾፍቱ ወይም የወንጪ ጉዞ፣ ለቤተሰብ የሚሆን ክፍል፣ የጾም ምግብ፣ በብር የተተመነ ግልጽ ሒሳብ። ሠራተኛ ሲጠራ ደግሞ በቅድሚያ የሚጠሩት በእገዳ የቆዩት ይሁኑ፤ ከመጀመሪያው ቡድን በፊት አንድ ሙሉ ቀን የተከፈለበት የንጽሕናና የአደጋ ጊዜ ልምምድ ይሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ከሚገባው የመጀመሪያ ገቢ ላይ፣ አዲስ መኪና ከመግዛት በፊት፣ ያልተከፈሉ ተመላሾች በተጻፈላቸው ሰሌዳ መሠረት ይከፈሉ፤ የመጠባበቂያው ሒሳብ መዋጮም ከዚያው ቡድን ይጀመር።