ደርቆም የሚያንሸራትተው ወለል

በመጋዘኑና በማሸጊያ ክፍሉ መካከል ያለው ኮሪደር ሰው ሲያንሸራትት ከርሟል። ሁሉም ጥፋቱን ጫማ ላይ ነበር የሚያላክከው። «ተጠንቅቃችሁ ሂዱ» የሚል ወረቀትም ተለጥፏል፤ ማን ያነበዋል!

ግራ የገባኝ ወለሉ ደርቆም ማንሸራተቱ ነው። በነጭ ሶፍት ጠረግ ሳደርገው ግራጫ፣ የሚያሟልጭ ነገር ይዞ መጣ። ውሃ ጠብ ሳደርግበት ደግሞ አረፋ አወጣ። ለካ ሳሙና ነው! ፈሳሽ ሳሙናው በግምት ይጨመራል፣ በንጹህ ውሃ አይለቀለቅም። ቅባቱ ከነሳሙናው እዚያው ይደርቃል። እርጥብ ጫማ ሲረግጠው አለቀ።

ቅባት የሚያነሳ ማጽጃ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠን አፈሰስን። ወዲያው አልወለወልነውም፤ ቅባቱ እስኪለቅ ጥቂት ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ሳይደርቅ ግን። ከዚያ በጠንካራ ብሩሽ ፈተግነው፣ በንጹህ ውሃ ደጋግመን አጠብነው፣ ውሃውን በጎማ መጥረጊያ ገፍተን አስወጣን። አሁን መለኪያ ኩባያ ባልዲው ላይ ታስሯል። የሳሙናውና የማለቅለቂያው ባልዲ ተለያይቷል። ውልወላው ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ሆኗል።

ሌላዋ ጣጣ የበሩ ደፍ ነበረች። ትልቅ ነገር ስለሚታይ ሰው ይዘለዋል፤ የሚያደናቅፈው እንዲህ ያለው፣ ከጣት ውፍረት የማይበልጥ ከፍታ ነው። ጠርዟን ቢጫ ቀባናት፣ ከበላይዋ የተቃጠለውን አምፖል ቀየርን። ጫፉ የሚቀለበሰው ምንጣፍም ከሥሩ ጎማ ባለው ተተካ። ቢጫው ቀለም ግን በጋሪ ጎማ ቶሎ ይላጣል፤ አሸዋ የተቀላቀለበት የወለል ቀለም ይሻላል።