የካምቢዮ ዘይት ቀይራችሁ መኪናው ካኮረፈ

አሮጌው ዘይት ወጣ፣ አዲሱ ገባ፣ ቡሎኑ ታሰረ፣ እጅ ታጠበ። ሞተሩን አስነስታችሁ ማርሹን ዲ ላይ ስታደርጉት ግን መኪናው ዝም። ወይም ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ በድንገት ገጭ ብሎ ይይዛል። «በቃ፣ ካምቢዮውን ገደልኩት» ማለት ይመጣል። አይዟችሁ። እኔ እንዳየሁት ቤት ውስጥ ዘይት ከተቀየረ በኋላ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው የልኬት ነው። ወይ አንሷል፣ ወይ በዝቷል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱን የሚፈልገው ለማለስለሻ ብቻ አይደለም። ማርሽ የሚይዘውም የሚለቀውም በዘይት ግፊት ነው። ስለዚህ ትንሽ የልኬት ስህተት እንኳ አነዳዱ ላይ ይታያል።

አይነቃነቅም፣ ወይም ዘግይቶ ይይዛል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘይት ማነሱ ነው። ኮፓው (ከካምቢዮው ስር ያለው የዘይት መያዣ) ሲፈታ ማጣሪያውና የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹም በከፊል ባዶ ይሆናሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ስትሞሉ ልክ ይመስላል። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ዘይቱን ወደ እነዚያ ባዶ ቦታዎች ይልከዋል፤ ኮፓ ውስጥ ያለው ይወርዳል፣ ፓምፑም አየር መሳብ ይጀምራል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም።

በዚህ ጊዜ ነዳጅ እየረገጣችሁ አታስገድዱት። መለኪያ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ ሜዳ ላይ አቁሙት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተሩን አስነሱ። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ ጀምሮ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ሰከንድ እያቆያችሁ አዙሩትና ወደ ፒ መልሱት። ከዚያ ሞተሩ ሳይጠፋ ለኩ። ጠፍቶ የሚለካ መኪናም ስላለ የመኪናችሁን መመሪያ ሳታዩ አትጀምሩ። ከጎደለ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ እያንዳንዱ ጭማሪ ሲወርድ ጠብቁና እንደገና ለኩ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሙቀቱ ላይ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይስፋፋል። ቀዝቃዛውን ዘይት ለሙቅ እስከተሰራው ምልክት ድረስ ከሞላችሁት፣ ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ከልኩ በላይ ይወጣል።

መለኪያ ዘንግ የሌላቸው መኪኖች ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃሉ። እነሱ ላይ የሚለካው ከስር ባለ መፈተሻ ቡሎን ነው፤ ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሰራ። በብዙዎቹ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ የእናንተን ግን ከመመሪያው አረጋግጡ። ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ በቀጭኑ ፈሶ ወደ ጠብታ ሲወርድ ልኩ ደረሰ ማለት ነው። ምንም ካልወጣ ጎድሏል። ሙቀቱን በእጅ ዳሰሳ አትገምቱ፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ አነስተኛ ማንበቢያ መሳሪያ ይበቃል። ደግሞ መኪናው አራቱም ጎማ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። የፊቱን ብቻ በክሪክ አንስቶ መለካት ራስን ማታለል ነው። ከስሩ የምትገቡ ከሆነም ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ የብረት መደገፊያ አስገቡ።

ከሁሉ የሚቀለው መፍትሄ ግን ገና ሲጀመር ያለው ነው፦ የወጣውን ለኩት። ኮፓውን ፈትታችሁ 4.2 ሊትር ከወጣ፣ መጀመሪያ የምትመልሱት 4.2 ሊትር ነው። ጥራዙ በሙቀት ስለሚለዋወጥ ሁለቱንም ስትለኩ ቀዝቃዛ ይሁኑ። ቀድሞ የሚያፈስ መኪና ካልነበረ በስተቀር ከትክክለኛው ልክ ብዙም አትርቁም።

አረፋ ያወጣል፣ ከላይ ያፈሳል

መለኪያ ዘንጉ ላይ አረፋ ካያችሁ ወይም ከካምቢዮው መተንፈሻ ቀይ ዘይት ከወረደ በዝቷል። የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን እንደ እንቁላል ይመቱታል። አየር የገባበት ዘይት ደግሞ ግፊት አይዝም። እዚህ ጋ ነው ግራ የሚያጋባው፤ የበዛ ዘይትም እንደ ጎደለ ያንሸራትታል። «አንሶ ይሆናል» ብሎ የሚጨምር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። ሳትለኩ አትጨምሩ። የበዛውን በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ በትልቅ ሲሪንጅ መጥጡ፣ ወይም በመፈተሻው ቡሎን ልቀቁ።

ልኩ ትክክል ነው፣ ግን ይጮኻል

ነዳጅ ስትሰጡት የሚጨምር ቀጭን የዋይታ ድምፅ ካለና ልኩም ትክክል ከሆነ፣ ማጣሪያው በደንብ አልገጠመም ብላችሁ ጠርጥሩ። ይሄ እኔንም አግኝቶኛል። አሮጌውን ማጣሪያ ሳወርድ ጎማ ቀለበቱ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ሳላየው አዲሱን ከነቀለበቱ ላዩ ላይ ጫንኩት። ሁለት ቀለበት አንድ ቦታ አይገባም፤ ፓምፑ በክፍተቱ አየር ሲስብ ዋለ። ኮፓውን እንደገና መፍታት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። የሚወጣውን አዲስ ዘይት ንጹህ ዕቃ ውስጥ ከተቀበላችሁት መልሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

ኮፓው ተፈትቶ ሳለ ማግኔቱንም ተመልከቱ። ግራጫ ጭቃ የመሰለ ደቃቅ ብናኝ የተለመደ ነው፤ ጥረጉትና መልሱት። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን የዘይት ጉዳይ አይደለም።

በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል ይንቀጠቀጣል

በዚህ ፍጥነት ረጋ ብላችሁ በምትነዱበት ጊዜ ኮረኮንች ላይ የወጣችሁ ያህል ርግብግብ የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ሲቆልፍ የሚመጣ ነው። ከመቀየሩ በፊት የነበረ ከሆነ ዘይቱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ማፍሰስ የሚያወጣው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። በአንድ ዙር 40 ከመቶ ይወጣል ብንል፣ ከአንድ ዙር በኋላ 40 ከመቶው አዲስ ነው፤ ከሁለት በኋላ 64፣ ከሦስት በኋላ 78 ገደማ። ስለዚህ በየመሃሉ ትንሽ እየነዱ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያዋጣል።

ንቅጥቃጤው የመጣው ከቀየራችሁ በኋላ ከሆነ ግን ጠርሙሱን አንብቡ። ቀይ መሆኑ ምንም አይነግራችሁም። ለምሳሌ ቶዮታ ደብሊው ኤስ የተባለውን ዘይት ያዘዘበት ላይ የቀድሞው ቲ-4 ዘይት አይገባም፤ ውፍረታቸው የተለያየ ነው። ሲቪቲ ካምቢዮ (ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው ዓይነት) ከሆነማ የራሱን ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው። የተሳሳተ ከገባ መኪናውን ሳትነዱ አፍስሱት። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ጠርሙስ እኔ አላምንም።

ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ይሸታል

ቀድሞውንም ያንሸራትት የነበረና ዘይቱ እንደ ከሰል የጠቆረ ካምቢዮ ከሆነ፣ የውስጡ ፍሪሲዮኖች (ማርሹን በሰበቃ የሚይዙት ዲስኮች) አልቀዋል። አዲስ ዘይት ያለቀ ፍሪሲዮን አይመልስም። «ዘይት ቀይሬ ካምቢዮ ሞተብኝ» የሚባለው ወሬ ብዙው ከዚህ ይመጣል፤ ሰው የሚቀይረው ከታመመ በኋላ ነው።

ከስር ይንጠባጠባል

የኮፓውን ቡሎኖች አብዝቶ ማጥበቅ ጋስኬቱን ያወጣዋል፣ ኮፓውንም ያጣምማል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የማጥበቂያ ኃይል ከ10 ኒውተን ሜትር ብዙም ያልራቀ ነው፤ በአጭር ቁልፍ በቀላሉ ይደረሳል። በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ እሰሩ። የማፍሰሻው ቡሎን ቀለበትም አዲስ ይሁን።

ዘይቱ እንጆሪ ወተት መስሏል

የራዲያተር ውሃ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ማቀዝቀዣ ተቀዶ ነው። አትንዱት። ማቀዝቀዣው ሳይስተካከል ዘይት መቀየር ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

የመሙያው ቡሎን እምቢ አለ

ይሄ የሚያናድደው ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ ሲሆን ነው። መኪናው ባዶ ነው፣ መሙያው ዝጓል፣ ወደ ጋራዥም አይነዳም። ሁልጊዜ መሙያው ቀድሞ ይፈታ፣ ማፍሰሻው ኋላ።

የሞተር ዘይት ቀይሬ መኪናው አልሄድ አለ

ይህኛው የካምቢዮ ዘይት ሊቀይር ያላሰበ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። በአንዳንድ መኪኖች የሞተሩና የካምቢዮው ማፍሰሻ ቡሎኖች ጎን ለጎን ናቸው። ሰውየው ካምቢዮውን አፍስሶ ሞተሩ ላይ ተጨማሪ ዘይት ይሞላል። ከዚያ ካምቢዮው ባዶ፣ ሞተሩ እጥፍ። የሞተሩ መለኪያ ከምልክቱ እጅግ በላይ ካሳየ ይሄው ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ከሞተሩ የበዛውን አፍስሱ፣ ካምቢዮውን በወጣው ልክ በራሱ ዘይት ሙሉና ከላይ እንዳልነው ለኩ። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ቡሎኑ ሲላላ መጀመሪያ የሚወርደውን ጠብታ እዩት። ቀይ ከሆነ መልሳችሁ እሰሩት።