በጦር ሰፈር ብክለትንና ቆሻሻን ከምንጩ ለመቀነስ የሚረዳ አሠራር

ጦር ሰፈር ጋራዥን፣ ነዳጅ ማደያን፣ ክሊኒክን፣ ወጥ ቤትንና የተኩስ መለማመጃ ሜዳን በአንድ አጥር ውስጥ የያዘ ከተማ ነው። ከሌላው ከተማ የሚለየው ነዋሪው በየጊዜው የሚዛወር በመሆኑ ነው፤ ዛሬ ዘይት መሬት ላይ የደፋው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቦታው አይገኝም፣ የደፋው ነገር ግን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ መስረጉን አያቆምም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ካምፕ ለጁን እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1987 ድረስ የሰፈሩ የመጠጥ ውሃ በቅባት ማስለቀቂያ ኬሚካሎችና በነዳጅ ውጤቶች ተበክሎ ቆይቷል፤ ወታደሮችም ቤተሰቦቻቸውም ይህንኑ ውሃ ጠጥተዋል። በተሽከርካሪ ጥገና ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ ብክለትን መከላከል ከሁሉ በፊት የንብረት አያያዝ ጉዳይ መሆኑን ነው። ርምጃዎቹን ከግምጃ ቤት የምጀምረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ፦ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመዝግቡ

ግቢውን በእግርዎ ይዙሩ፤ በየክፍሉ ምን ፈሳሽ እንደሚገባ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚያልቅና ትርፉ የት እንደሚሄድ በቦታው ቆመው ይጻፉ። ጉብኝቱን ጸጥ ባለ ሳምንት ማድረግ ያሳስታል። ክፍሎች ከመስክ ልምምድ ሲመለሱ የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ባትሪና ማሸጊያ ከዘወትሩ እጅግ ስለሚበልጥ ትክክለኛው ሥዕል የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፦ ከግምጃ ቤት የሚወጣውን ይቀንሱ

ቀለም፣ ቲነርና ማጣበቂያ የአገልግሎት ጊዜ አላቸው። «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ በብዛት የወጣው ዕቃ ሳይከፈት ጊዜው ያልፍበትና አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል። ኬሚካል ከአንድ ማዕከል ብቻ፣ ለሥራው በሚበቃ መጠንና በትንሽ ዕቃ ይሰጥ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፤ አዲሱን የሚወስድ ሰው ባዶውን ቆርቆሮ ይመልስ። በትልቅ በርሜል መግዛት ዋጋው ርካሽ ይመስላል፤ የተረፈውን ለማስወገድ የሚወጣው ወጪ ሲደመር ግን ርካሽነቱ ይጠፋል። ለክፍለ አካላት ማጠቢያም የሚነድ ፈሳሽ ከመጠቀም ይልቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና የሚሠራውን ማሽን እመርጣለሁ፤ ጥቂት ቢዘገይም የመካኒኩን ሳንባ አይጎዳም።

ሦስተኛ፦ ፈሳሾችን ሳይቀላቅሉ ያጠራቅሙ

ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ርምጃ ላይ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ከሌላ ነገር ጋር ያልተደባለቀ የተቃጠለ ዘይት ዋጋ ያለው ዕቃ ነው፤ ተጣርቶ እንደገና ዘይት ሊሆን ወይም በአግባቡ ለማገዶ ሊውል ይችላል። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ከገባበት ግን አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል፤ ማስወገዱም ልዩ ማቃጠያ ይጠይቃል። በአንድ ወቅት ከልምምድ በተመለስንበት ሳምንት አንድ ወጣት መካኒክ የተረፈ የፍሬን ማጽጃ ይዞ መጥቶ የት እንደሚደፋው ጠየቀኝ። ጥቂት ስለነበረ በዘይቱ በርሜል ውስጥ እንዲጨምረው ፈቀድኩለት። በርሜሉ በማግስቱ ወደ ትልቁ ታንክ ተገለበጠ፤ ዘይቱን የሚወስደው ድርጅትም ናሙናውን መርምሮ ታንኩን በሙሉ አልቀበልም አለ። የወራት ሥራ በአንድ ቆርቆሮ ተበላሸ፤ ጥፋቱም የመካኒኩ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለየፈሳሹ የየራሱን በርሜል አዘጋጀን፦ ለዘይት፣ ለራዲያተር ፈሳሽ፣ ለማጽጃ፣ ለተበላሸ ነዳጅ። እያንዳንዱን ክዳን በቁልፍ ዘጋን፤ ቁልፉንም በየፈረቃው አንድ ሰው ብቻ እንዲይዝ አደረግን። በርሜሎችን በቀለም ብቻ መለየት አይበቃም። ቀለም በፀሐይ ይደበዝዛል፤ አዲስ የመጣ ወታደርም ቀይ የምን፣ ሰማያዊ የምን እንደሆነ አያውቅም። የፈሳሹን ስም፣ ማጠራቀም የተጀመረበትን ቀንና የኃላፊውን ክፍል በጉልህ ፊደል ይጻፉ።

ደጅ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ በርሜል ሌላ ችግር አለበት። ዝናብ በክዳኑ ላይ ያቁራል፤ በርሜሉ ቀን በፀሐይ ሞቆ ማታ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር የቆመውን ውሃ በክዳኑ ስንጥቅ ስቦ ያስገባል። ስለዚህ በርሜሉን ከጣሪያ ሥር ያስቀምጡት፤ ጣሪያ ከሌለ ውሃ እንዳያቁር አዘንብለው ያቁሙት። ፊልትሮውን ደግሞ ገና ትኩስ ሳለ በስተው ቢያንስ ለ12 ሰዓት ያንጠፍጥፉት፤ በውስጡ የሚቀረው ዘይት ከሚገመተው በላይ ነው።

አራተኛ፦ የሚፈሰውን መያዣ ያዘጋጁ

በርሜሎቹና ታንኮቹ የሚቀመጡበት ግንብ ገንዳ የትልቁን ዕቃ ሙሉ ይዘት ከነትርፉ መያዝ አለበት፤ የተለመደው ልክ 110 በመቶ ነው። የዝናብ ውሃ ማስወጫው ቫልቭ ሁልጊዜ ዝግ ሆኖ፣ የሚከፈተው ውሃው ታይቶ ዘይት እንደሌለበት ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የተሽከርካሪ ማጠቢያ ውሃ በዘይትና ውሃ መለያ ጉድጓድ ማለፍ ይኖርበታል። ጠንካራ ሳሙና ዘይቱን ከውሃው ጋር አዋሕዶ ስለሚያሳልፈው ጉድጓዱ እያለ እንኳ ብክለቱ ወደ ወንዝ ይደርሳል፤ በተቻለ መጠን በውሃ ግፊት ብቻ ይጠቡ።

አምስተኛ፦ ያለ ጥያቄ የመመለሻ ቀን ይመድቡ

ይህ በጦር ሰፈር ብቻ የሚያስፈልግ ርምጃ ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማምንበት ነው። ቁጥጥር ሊመጣ ሲል በሰነድ ያልተያዘ ትርፍ ቀለም፣ ባትሪ ወይም ማጽጃ ያለው ክፍል ተጠያቂነትን ስለሚፈራ ዕቃውን ሌሊት ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል ወይም ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። ወታደሩ ይህን የሚያደርገው ሌላ መውጫ ስላላየ ነው። አዛዡ ከቁጥጥሩ አስቀድሞ ቀን ቆርጦ፣ የተመለሰ ዕቃ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ መሆኑን በጽሑፍ ትእዛዝ ያሳውቅ፤ የተመለሰው ዕቃም ታሽጎ የቆየ ከሆነ ለሚፈልገው ክፍል ይሰጥ። ጥይትና ፈንጂ ግን ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀሉም፤ ያገኘው ሰው ሳይነካ ለተተኳሽ ባለሙያ ያሳውቅ።

ካርቶንን፣ ፕላስቲክንና የምግብ ትርፍን መለየት በየትኛውም ተቋም እንደሚደረገው ነው። ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ማቃጠል ግን አይገባም፤ ጭሱ የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው።

ስድስተኛ፦ ሥራውን ከርክክብ ሰነድ ጋር ያያይዙ

የጥገና ኃላፊው ሲዛወር በርሜሎቹ ተቆጥረው፣ በየበርሜሉ ያለው ፈሳሽና የተጀመረበት ቀን ተጽፎ፣ የመለያ ጉድጓዱ መቼ እንደተጠረገ ተጠቅሶ፣ አስረካቢውና ተረካቢው በቦታው ቆመው ይፈርሙ። ጽሑፍ የሌለበት በርሜል ከተገኘ ይዘቱ በምርመራ ሳይታወቅ ተረካቢው አይፈርም።