የሜርኩሪ ቅነሳ ፕሮጀክት ሠርቷል ወይስ አልሠራም? በሚዛን እንዴት እንደሚገመገም

የባህላዊ ወርቅ አምራቾችን ፕሮጀክት እንድገመግም ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠራ የተሰጠኝ ሰነድ የስም ዝርዝር ነበር። ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ሬቶርት (የሜርኩሪ ትነትን መልሶ የሚይዝ ዕቃ) ታደለ። ፊርማው ሁሉ ተሟልቷል። የፕሮጀክቱ ዓላማ ሜርኩሪ መቀነስ ነበር። ስንት ግራም እንደቀነሰ ግን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

ያንን ቁጥር እንዴት እንደምታገኙት ላሳያችሁ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአየር ላይ ያለ የሜርኩሪ ትነት የሚለካ ማሽን አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። እስከ 0.01 ግራም የሚለካ የኪስ ሚዛን ከነማረጋገጫ ክብደቱ ያዙ፣ ይበቃል። የወርቅ ገዢውን ሚዛን እንዳትዋሱ። ለምን እንደሆነ አምራቾቹን ጠይቁ።

ሥራውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ወርቅ ያለበት አፈር ታጥቦ ከባዱ ሲቀር ሜርኩሪ ይጨመርበታል። ሜርኩሪው ወርቁን ይዞ ይጠቀለላል። በጨርቅ ሲጨመቅ ትርፉ ሜርኩሪ ይወጣና ነጭ ድብልብል ነገር ይቀራል፣ አማልጋም ይሉታል። ይህ እሳት ላይ ሲሆን ሜርኩሪው 357 ዲግሪ አካባቢ ፈልቶ ይተንና ወርቁ ይቀራል። ሬቶርት ማለት ያንን ትነት በቧንቧ አቀዝቅዞ መልሶ ፈሳሽ የሚያደርግ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ነው። መዝገበ ቃላቱ ሜርኩሪን ባዜቃ ይለዋል፣ ገበያ ላይ ግን በዚህ ስም አትፈልጉት።

1. መጀመሪያ ቦታው ሜርኩሪ ይጠቀም እንደነበር አጣሩ

የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ያጋጥማል። አገራችን ውስጥ ብዙ ቦታ ወርቅ የሚወጣው በገበቴና በውሃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር «ሜርኩሪ አቁሟል» ተብሎ በሪፖርት ሲገባ ዜሮው ከፕሮጀክቱ በፊትም ዜሮ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሜርኩሪ የሚከተለው የድንጋይ ወፍጮውን ነው፣ ስለዚህ ወፍጮ ያለበትን ሰፈር አስቀድሙ።

«ሜርኩሪ ትጠቀማለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በተለይ አጠገባችሁ የወረዳ ሰው ቆሞ። «አሁን ስንት ገባ?» በሉ። የማይጠቀም ሰው ዋጋውን አያውቅም። የሚጠቀም ከሆነ ስለመወደዱ ሳትጠይቁት ያማርርላችኋል።

2. ከአራቱ ክፉ ልማዶች የትኛው እንዳለ መዝግቡ

ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት (2013 ጸድቆ 2017 ሥራ ላይ የዋለው፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አራት ነገሮች እንዲወገዱ ይላል፦ ሳይታጠብና ሳይመረጥ በጠቅላላው የተፈጨ ድንጋይ ላይ ሜርኩሪ መጨመር፣ አማልጋምን በገላጣ እሳት ማቃጠል፣ ሰው በሚኖርበት ማቃጠል፣ ሜርኩሪ ያለበትን ዝቃጭ ሜርኩሪው ሳይወጣ በሳያናይድ (ወርቅ በሚያሟሟ መርዝ) ማጠብ። የመጀመሪያው ካለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው። በዚያ አሠራር ለ1 ግራም ወርቅ ከ4 እስከ 20 ግራም ሜርኩሪ ይባክናል፣ አብዛኛውም ከድንጋዩ ጋር ደቅቆ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ሬቶርት ደግሞ ዝቃጭ ውስጥ የገባውን አይመልስም። ወፍጮው ውስጥ ሜርኩሪ እየተጨመረ ሬቶርት ያደለ ፕሮጀክት ካያችሁ ሳትለኩም ግማሹን መልስ አግኝታችኋል።

3. መዝኑ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የምትፈልጉት አንድ ቁጥር ነው፦ 1 ግራም ወርቅ ለማግኘት ስንት ግራም ሜርኩሪ ጠፋ? ገባ የተባለውን ሳይሆን የጠፋውን ነው። አምራቹ ያንኑ ሜርኩሪ ደጋግሞ ስለሚጠቀምበት የገባውን ብቻ ከጻፋችሁ ቁጥሩ ያብጣል።

አንድ ዙር ላሳያችሁ። ሰውየው 20 ግራም ሜርኩሪ ጨመረ። ሲጨምቀው 11 ግራም ተመለሰ። አማልጋሙ 14 ግራም መዘነ። በገላጣ እሳት ተቃጥሎ 6.5 ግራም ወርቅ ቀረ። ወደ አየር የሄደው 14 ሲቀነስ 6.5፣ 7.5 ግራም ነው። ዝቃጭ ውስጥ የቀረው ደግሞ ከ20ው 11ዱና 7.5ቱ ሲነሱ 1.5 ግራም። በድምሩ 9 ግራም ጠፋ። ለ6.5 ሲካፈል 1.4 ገደማ። ይኸው ሰው በሬቶርት አቃጥሎ 7 ግራም ቢመለስለት የጠፋው 2 ግራም ብቻ ይሆንና ቁጥሩ ወደ 0.3 ይወርዳል። ፕሮጀክቱ ሠራ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ቀላል ይመስላል። የሚያበላሸው ውሃ ነው። ከገበቴው የወጣ ሜርኩሪ ላዩ ላይ ውሃ ይይዛል፣ አማልጋሙም ጨርቁም እርጥብ ናቸው። እርጥቡን ከመዘናችሁ ውሃውን ሜርኩሪ ብላችሁ ጻፋችሁ ማለት ነው። ሳይደርቅ ሚዛን ላይ አይውጣ። እሳት ዳር ግን አታድርቁት! ባዶውን ዕቃ ቀድማችሁ መዝኑ፣ ንፋስ እንዳይነካው ሚዛኑን ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ዙር አያስተማምንም፣ ከአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ዙር ውሰዱ።

ሌላው ወጥመድ ከሬቶርት የወጣው ወርቅ ራሱ ነው። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይወጣል፣ ውስጡም ጥቂት ሜርኩሪ ይዞ ይቀራል። ያ ትርፍ ገዢው ቤት ሲቀልጥ ይተናል። ስለዚህ ከተቻለ ገዢው ካቀለጠ በኋላ እንደገና መዝኑ። ልዩነቱ ሁሉ ሜርኩሪ አይደለም፣ ቆሻሻም አለበት፣ ግን ጣሪያውን ያሳያችኋል።

የእጅ ቀለበታችሁን አውልቁ። እኔ አላወለቅሁም። ማታ ሳየው የጋብቻ ቀለበቴ እንደ ብር ነጥቷል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

እናንተ ልትለኩ ብላችሁ ማንም በገላጣ እንዲያቃጥል አትጠይቁ። ሲያቃጥሉ ከደረሳችሁ ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ እሳቱ በሚነፍስበት በኩል ቁሙ። ጨርቅ ማስክ ለሜርኩሪ ትነት ምንም አያደርግም።

4. ሳትጠሩ ሂዱ

የወደቅሁበት ፈተና ይሄ ነው። በቀጠሮ ሄጄ አሥራ ምናምን ሰው መዘንኩ። ሁሉም በሬቶርት። ቁጥሩ ያምራል። ሪፖርቱን በልቤ ጨርሼ ወደ ማደሪያዬ ስሄድ የስልኬን ቻርጀር አንዲት እናት ቤት ረስቼ ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት ተመለስኩ። ቡና ሊፈላ ከሰል ተያይዟል። ጀበናው ገና አልተጣደም። ፍሙ ላይ ያለው የሰርዲን ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮው ውስጥ አማልጋም። አጠገቡ ሕፃን ይድሃል።

«እትዬ፣ ትናንት በዚያኛው አልነበር እንዴ?» አልኳቸው።

ሬቶርቱ መደርደሪያው ላይ ከፔርሙዙ ጎን ተቀምጧል፣ ተወልውሎ። «እሱማ ለእንግዳ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አፈርኩ። ለምን እንደማይጠቀሙበት ስጠይቅ መልሳቸው ግልጽ ነበር። ለትንሽ ወርቅ ብዙ ከሰል ይበላል። ደግሞ ክዳን ስላለው ውስጡ አይታይም፣ «ወርቄን እያየሁት ነው የምፈልገው»። ይህን የሥልጠና ሪፖርቱ አይነግራችሁም። የመዘንኩትን ሁሉ እንደገና ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ከሰርኩ።

ከዚያ ወዲህ ከምመዝናቸው ሰዎች ሲሶውን ያለ ቀጠሮ ነው የማገኘው። ሬቶርቱን ገልብጬ ቂጡን አያለሁ፣ እሳት የለመደ ዕቃ ጥላሸት አለው። በሬቶርት የተመለሰውን ሜርኩሪ የሚያስቀምጡበትን ጠርሙስ አሳዩኝ እላለሁ። ጠርሙሱ ከሌለ ሬቶርቱም የለም።

5. ወርቅ ገዢዎቹን አትዝለሉ

አምራቹ ግማሽ የተቃጠለ ወርቅ ይዞ ሲመጣ ገዢው ከተማ መሃል ሱቁ ውስጥ ይጨርሰዋል። ፕሮጀክቱ ጉድጓዱ ዳር ያለውን ጭስ ወደ ሱቁ አዛውሮት ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሱቅ ግቡ፣ ጭስ መሳቢያ አለ ወይ፣ ማን ነው የሚያቀልጠው፣ ጎረቤቱ ምን ይሸጣል ብላችሁ እዩ። እኔ ያየሁት ሱቅ በግድግዳ የሚዋሰነው ከዳቦ ቤት ጋር ነበር።

6. አወዳድሩ

ፕሮጀክቱ ያልደረሰበት፣ ድንጋዩና አሠራሩ የሚመሳሰል ሰፈር ፈልጉና ያንኑ ልኬት ውሰዱ። የፕሮጀክቱ መነሻ ቁጥር በጥር ተለክቶ ከሆነ እናንተም በጥር ለኩ። በክረምት ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ግማሹ ሰው ወደ እርሻው ይሄዳል፣ ሜርኩሪውም አብሮ ይቀንሳል። ያንን ለፕሮጀክቱ ውለታ አድርጎ የጻፈ ሪፖርት አንብቤያለሁ።

የወርቅ ዋጋንም አትርሱ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በጣም ጨምሯል። ወርቅ ሲወደድ ጉድጓድ ይበዛል። በግራም የሚጠፋው ሜርኩሪ ከ1.4 ወደ 0.7 ቢወርድና ወርቁ ሦስት እጥፍ ቢሆን በጠቅላላ የሚጠፋው ሜርኩሪ የበፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ፣ በግራሙንም ጠቅላላውንም።

የጤና ምርመራ ከተፈለገ ለጤና ባለሙያ ተዉት። ግን ምን እንደሚጠየቅ እወቁ፦ ትነት ለሚተነፍስ ሰው ሽንት ነው የሚመረመረው፣ የፀጉር ምርመራ ይበልጥ የሚናገረው ዓሣ ስለሚበላ ሰው ነው። የወርቅ አቃጣዮችን ፀጉር ቆርጦ ለምርመራ የላከ ቡድን ገንዘቡን አባክኗል።

ስትጨርሱ ቁጥሩን መጀመሪያ ለመዘናችኋቸው ሰዎች ንገሩ፣ በብር ቀይራችሁ። የጠፋው ግራም ሲባዛ በሜርኩሪው የሰሞኑ ዋጋ። ለእትዬ ያንን ሒሳብ በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ሬቶርቱን ከመደርደሪያው አወረዱ። «ክዳኑን መስታወት የሚያደርግልን የለም?» አሉ። ጥያቄያቸውን እንዳለ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስገባሁት።